የስማይርና ወንበር

ፊልጶስን የሰደበው ፀጋአብ ነው። ቀኑ የዳግማ ትንሣኤ እሑድ፣ ቦታው ባሕር ማዶ ያለው የሐበሾች መረዳጃ ማኅበር አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ እንደቆመ።

«አንተ እኮ ሕዝብ የሌለህ እንደራሴ ነህ» አለው።

ሳቁ። ፊልጶስ ማን እንደሳቀ፣ አፉን በሶፍት ሸፍኖ የሳቀውንም ጭምር ይዟል። ቂም ይዞ ጸሎት አይሰምርም ይላሉ፤ እሱ ግን ከጸሎቱ ቂሙን መርጧል።

ማኅበሩ ሲቋቋም፣ ከከተማው ዳር ያለችው የስማይርና ሰፈር በቦርዱ የራሷ ወንበር ነበራት። ያኔ ከአንድ አፓርትመንት ግቢ ብቻ የሚወጣው መራጭ አንድ ሠርግ ይሞላ ነበር። ፊልጶስ ደጋግሞ ተመረጠ። ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ ቢኖርም ያሸንፍ ነበር፣ እሱ እንደሚለው። ከዚያ ኪራይ ጨመረና ሰዉ አንድ በአንድ ኪራይ ወደሚረክስበት ሰፈር፣ ወደ ዱሉዝ ነጎደ። ቫን ያለው ፊልጶስ ነበርና ፍራሹንም ሶፋውንም የጫነው እሱ ነው። መራጩን በገዛ እጁ ለሌላ የምርጫ ክልል አስረከበ፤ የተከፈለው ምርቃት ብቻ። በመጨረሻ ፀሐፊው ፀጋአብ፣ ያ ዲግሪውን ሳይጠቅስ ሰላም የማይል ሰው፣ ካርታ ዘርግቶ «ስማይርናን ከሮዝዌል ሰፈር ጋር መርጅ አድርገናል፤ ለሁለቱ አንድ ወንበር ይበቃል» አለ። የሮዝዌል ተወካይ ደግሞ አማቹ ነው።

ዛሬ ፊልጶስ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ወንበሩን ሊያስመልስ መጣ። የድሮ መራጮቹን ከዱሉዝ በቫኑ ለቃቅሞ አምጥቶ ፊት ለፊት አስቀምጧቸዋል።

«እነዚህ የስማይርና ሰዎች ናቸው» አለ።

«ዱሉዝ እያደሩ?» አለ ፀጋአብ።

«ልባቸው እዚያ ነው።»

«ልብ ዚፕ ኮድ የለውም፣ ወንድሜ።»

ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ዘሪቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «በቃ። ዛሬ ስማይርና የሚኖር አንድ አባል እንኳ ካለ ወንበሩ ይመለስ፤ ድምፄን እሰጣለሁ።»

«አንድ ምን አላት!» አለ ፊልጶስ ደረቱን ነፍቶ። «ይኸው እኔ አለሁ።»

ከፊት ረድፍ የተቀመጡት እማማ እታገኝ በአዘኔታ አዩት። «ውይ ፊልጶስዬ፣ አንተ ልጅህ ሳሮን ጋ፣ ሮዝዌል፣ ከቤቷ ሥር ቤዝመንቱ ውስጥ ገባህ አይደል እንዴ? ለልጇ ክርስትና የመጣን ቀን አልጋህን እዚያ አየሁት እኮ።»

ፀጋአብ እንኳ ለመሳቅ አልቸኮለም፤ ጣዕሙን እያኘከው ነበር።

«አቶ ፊልጶስ» አሉ ወይዘሮ ዘሪቱ ለስለስ ብለው፣ «አሁን የት ነው የሚኖሩት?»

ፊልጶስ ጃኬቱን ከወንበሩ አነሳና ወደ በሩ አመራ።

«እኛንስ ወደ ዱሉዝ ማን ይመልሰናል?» አሉ እማማ እታገኝ ከኋላው።

በሩን ከፍቶ ወጣ።