የዘበኛው ሙግት

«አፈሩ ሳይደርቅ ቴሌቪዥን?» አለ አጎትየው፣ ሪሞቱን ብብቱ ሥር ወትፎ።

«ዛሬ የድራማው የመጨረሻ ክፍል ነው፣ ጋሼ» አለች የሟቿ ልጅ። «እማዬ ስንት ጊዜ የጠበቀችው።»

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች ሻያቸውን ይዘው ተያዩ። የልጅቷ ዓይን ግን ጥግ ይዛ በተቀመጠችው የውጭ አገር ሴት ላይ ነበር። ከላይኛው ፎቅ ነው የምትኖረው፤ የልጅቷ እናትም «የላይዋ» ነበር የምትላት። ከቀብሩ ጀምሮ በየቀኑ እየመጣች ታለቅሳለች፤ የሚያናግራት የለም። «ይቺ ደግሞ ምኗ ናት?» ይባባላሉ አክስቶች በሹክሹክታ።

የልጅቷ እናት ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከስፌት መኪናዋ ቀና የምትለው ለእንቅልፍ ብቻ ነበር። አንድ ምሽት የላይዋ ሱሪ ልታሳጥር መጣች። በቴሌቪዥን የሩቅ አገር ድራማ ይታይ ነበር፤ ቋንቋውን ሁለቱም አያውቁትም። ሱሪው አለቀ፤ ሴትዮዋ አልሄደችም። በማግስቱ ምንም የሚሰፋ ሳትይዝ መጣች።

ንግግሩ ስለማይገባቸው ታሪኩን ራሳቸው ይፈቱት ጀመር። በር ላይ የሚቆመው ሽማግሌ ዘበኛ፣ ለእናቷ የባለታሪኳ የጠፋ አባት ነው፤ ለላይዋ ግን ሌባ። የላይዋ እጇን ኪሷ እየከተተች ሌብነቱን ታስረዳለች፤ እናቷ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው ክንዷን እያወዛወዘች ትሟገታለች። የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ተኳርፈው ያውቃሉ። ልጅቷ እናቷ በሳቅ ፍርስ ስትል ያየችው ያኔ ነው። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ እንኳ፣ ስለ ላይዋ «ያቺ ግትር ታየዋለች፤ ዘበኛው አባቷ ነው» ብላ ነበር።

ይህ ሙግት ሳይፈታ ከቀረ እናቷ ሁለቴ የተቀበረች ያህል ይሆንባታል።

«ጋሼ፣ የሞተችው የኔ እናት ናት» አለች ልጅቷ። «እኔ ልክፈተው።»

አጎትየው ሪሞቱን ቀስ ብሎ ሰጣት።

ድምፁን ዝቅ አድርጋ ከፈተች፤ የላይዋንም ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። መጀመሪያ ሰዉ ሁሉ አቀርቅሮ ነበር። ቆይቶ አንዷ አክስት አንገቷን አሰገገች።

«ይሄ ሽማግሌ ምን ሆኖ ነው የሚቁነጠነጠው?» አለ አጎትየው።

«አባቷ ስለሆነ ነው» አለች ልጅቷ፤ ሳታስበው፣ እንደ እናቷ፣ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው ክንዷን እያወዛወዘች። የላይዋ ራሷን ነቅንቃ እጇን ኪሷ ከተተች። ልጅቷ የሁለቱን ክርክር ከሥር መሠረቱ አወራችላቸው። ወዲያው ለቅሶ ቤቱ ሁለት ጎራ ሆነ፤ አክስቶች እንኳ ከላይዋ ጋር በምልክት ተከራከሩ።

በመጨረሻ ሽማግሌው ከደረት ኪሱ ያረጀ ፎቶግራፍ አወጣ። ፎቶው ላይ እሱ ራሱ በወጣትነቱ ሕፃን አቅፏል። ባለታሪኳ ፎቶውን አየች፣ እሱን አየች፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«እህቴ ረታች» አለ አጎትየው እንባውን በመዳፉ እየጠረገ። ኩራቱ ከሐዘኑ በልጦ ነበር።

የላይዋ ብድግ አለች። የልጅቷን ቀኝ እጅ ያዘችና፣ የቦክስ ዳኛ አሸናፊውን እንደሚያሳውቅ፣ ከሁሉም ራስ በላይ ከፍ አደረገችው። ልጅቷ እያለቀሰች እጇን ሳታወርድ ቆመች።