ውሃ የወሰዳት ትመለሳለች

ማንጁሻ ስቱዲዮ ስትገባ የራሷ ፎቶ የአበባ ጉንጉን ተደርጎለት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ለሞተ ሰው ፎቶ ነው ጉንጉን የሚደረገው።

"ማነው የገደለኝ?"

ፎቶውን የሰቀለው ሠራተኛ ባብላ መሰላሉ ላይ ሆኖ ዞረ። "አልነገሩሽም እንዴ ዲዲ፣ እህቴ? ዛሬ በልብ ድካም ትሞቻለሽ። ነፍስ ይማር።"

በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማው ትልቋን ምራት ስትጫወት ወጣትነቷ አልቋል። ከዚህ ከወጣች ማን ይጠራታል? መንገድ ላይ እንኳ ሰው የሚያውቃት በምራቲቱ ስም ነው። ቀጥ ብላ ዳይሬክተሩ ፑርኔንዱ ጋ ሄደች።

"ዳዳ፣ ወንድሜ፣ አልጋ ላይ አልሞትም።"

"የት መሞት አማረሽ?"

"ወንዝ ውስጥ ጣለኝ።"

ፑርኔንዱ ሳቀ። በነሱ ድራማ ሬሳዋ የታየ አትመለስም። ውሃ የወሰዳት ግን መንታ እህት ሆናም ቢሆን፣ ፊቷን ቀይራም ቢሆን ትመለሳለች።

"ብልጥ! ደራሲው ሬሳዋ ይታይ ብሏል። ሂጂ ልበሺና ተኚ።"

ባሏን ቀድማ የምትሞት ሚስት እንደ ሙሽራ ነው የምትለብሰው። ቀይ ሳሪ አለበሷት። ግቢውን ስታቋርጥ ካሜራው ገና ኩሬው ዳር ቆሟል፤ ጠዋት እዚያ ሲቀርጹ ነበር። ካሜራማኑ ሳቪዮ ቫዳ ፓቩን፣ ጥብስ ድንች የገባበትን ዳቦ፣ ይገምጣል።

"ሳቪዮ፣ ቅረጽ!"

"ምኑን?"

"እኔን!" ሳሪዋን ሰበሰበች። "ልጆቼን አደራ!" ብላ ጮኸችና ዘለለች።

የሳቪዮ አፍ ሞልቷል፤ እጁ ግን ልማዱን አልረሳም።

ውሃው ወገብ አይደርስም። ተንበርክካ ሰመጠች። ፑርኔንዱ እየሮጠ መጣ። "ውጪ! አብደሻል?"

ጭንቅላቷ ብቅ አለ። ኩሏ አገጯ ድረስ ወርዷል፣ ሳቋ ግቢውን ሞላው።

"አድርቋትና አልጋ ላይ አስተኟት!" አለ ፑርኔንዱ።

"ምን አልብሼ?" አለች ልብስ ያዧ ሱላብሃ። "ቀዩ ሳሪ አንድ ነው። እስኪደርቅ ይመሻል።"

ሲመሽማ ድራማው ይተላለፋል። ጠዋት የቀረጹትን ነው ማታ የሚያሳዩት፤ የተረፈ የተቀመጠ ክፍል ብሎ ነገር የላቸውም።

ፑርኔንዱ ወደ ሳቪዮ ዞረ። "ይዘኸዋል?"

"አዎ። ደሞ ማማሩ!"

ፑርኔንዱ ተራግሞ ስልኩን አወጣ፤ ደራሲው ጋ ደወለ። "ሬሳ የለም፣ ወንዝ ወስዷታል... እኔን የምን ወንዝ ትለኛለህ? እስከ ማታ ጻፍላት!"

ማንጁሻ ፎጣ ተጠቅልላ ጥርሷ ይንገጫገጫል። "ዳዳ፣ ትዝታዬን አጥቼ ልምጣ ወይስ መንታ ልሁን?"

"ዝም በይ! ሬሳ አያወራም።"

"ሬሳ የለም አላልክም?"