አያ ቢተው ከኬንያ የተመለሱበት ቀን

እስከዳር በጮቄ ተራራ ሥር ባለችው በሮብ ገበያ ከተማ ጂኦግራፊ ታስተምር ነበር። በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ ለተማሪዎቿ የተራራ ፎቶ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ ወርዳ የየኔአለም ኢንተርኔት ቤት ገባች። የኔአለም በአንድ ወገን ኮምፒውተር የምታከራይ፣ በሌላ ወገን የሰውን ሚሞሪ ካርድ እየተቀበለች ዘፈን የምትጭን ቀልጣፋ ሴት ናት። ቤቷ ውስጥ ዘፈን ተቋርጦ አያውቅም፤ ደንበኛው ኢሜይሉን የሚከፍተው በእግሩ ወለሉን እየመታ ነው።

እስከዳር ውርጭ ባለበት ተራራ ላይ የሚበቅለውን ረጅም ተክል፣ የጅባራን የእንግሊዝኛ ስም ጻፈችና ሰዎች ፎቶ የሚጋሩበት አንድ ድረ ገጽ ከፈተች። መስመሩ የኤሊ ስለሆነ ፎቶው ከላይ ወደ ታች እየተንፏቀቀ ይወርዳል። መጀመሪያ ሰማይ መጣ። ከዚያ ሁለት መነኮሳት ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያወጉ የሚመስል ቋጥኝ። ከዚያ የጅባራው ጫፍ። ቀጥሎ የሰው ግንባርና ቅንድብ። አፍንጫው ሲደርስ እስከዳር ከወንበሯ ብድግ አለች።

"አባባ!" ብላ ጮኸች።

የኔአለም ዘፈኑን ዝቅ አድርጋ ሮጠች። "ምነው ቲቸር? ደህና አይደለሽም?"

"አባቴ! ፎቶው ላይ ያለው አባቴ ነው!"

የእስከዳር አባት አያ ቢተው "ቀይ ጢም ያለው ፈረንጅ ጮቄ ላይ ፎቶ አነሣኝ፤ እኔም ቆሎ ዘገንኩለት" እያሉ ሲያወሩ ነው የኖሩት፤ እሷ ነፍስ ሳታውቅ ጀምሮ። ያመናቸው ግን አልነበረም። ፈረንጁ ፎቶውን ይዞ እብስ ብሏል፣ ምስክር የለ። እንዲያውም በመንደሩ የማይታመን ወሬ ሲመጣ "ይህስ የቢተው ፈረንጅ ነው" ይባላል። እርሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እስከዳር ግን ከሳቃቸው በኋላ ዝም የሚሉትን ዝምታ ታውቀዋለች።

አሁን ፎቶው እነሆ። አያ ቢተው በጎልማሳነታቸው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ከጅባራው ሥር ቆመዋል። ከሥሩ ግን በእንግሊዝኛ "ገበሬ፣ ኬንያ" ይላል።

አሳትማ ወሰደችላቸው። አያ ቢተው ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ወጡ፤ ብዙ ቆዩ። "ጋቢውን አየሽው?" አሉ በመጨረሻ። "እናትሽ ወለተ ሰንበት የፈተለችው ነው፤ ነፍሷን ይማረውና። ጥለቱ እንኳ ይታያል።" ከዚያ ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አሳረፉ። "ይህ ምን ይላል?"

እስከዳር ማለባበስ አልሆነላትም። "ኬንያ ይላል፣ አባባ።"

"ኬንያ? እኔ?" ድምፃቸው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። "ዓባይን እንኳ ተሻግሬ የማላውቀውን ሰውዬ! በይ ጻፊበት፤ አሁኑኑ ይመልሰኝ!"

ጻፈች። ፎቶውን ድረ ገጹ ላይ ያወጣው ሄንድሪክ የሚባል ሆላንዳዊ ነበር። መልሱ ጨዋነት አልጎደለውም፤ የልብ ግን አያደርስም። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያም ኬንያም ሄጃለሁ፤ የፊልሙ ማሸጊያ ላይ የጻፍኩት ኬንያ ብዬ ነው፤ ጅባራን የሚመስል ተክል እዚያም አለ፤ ሰውን ከሰው ማምታታትም ያጋጥማል፤ ማረጋገጫ ካለሽ ግን በደስታ አየዋለሁ፣ ይላል።

እስከዳር ደሟ ፈላ። አባቷን ከሌላ ሰው አምታታሽ መባሏ! መልሱን ለአያ ቢተው ስታነብላቸው ግን እርሳቸው ጭራሽ ፊታቸው በራ።

"ማረጋገጫ ነው የሚለው? ቋጥኙ እዚያው አለ፣ እኔም እዚህ አለሁ። አንቺ ስልክሽን ያዢ። ለጉልበቴ የሙላትን በቅሎ ለምኝልኝ።"

ጎረቤታቸው ሙላት በቅሎዋን ሳያንገራግር ሰጠ። ቅዳሜ ማለዳ ተነሡ። እስከዳር በእግሯ፣ አባቷ በበቅሎ፣ የገብሱን ማሳ አቋርጠው ወደ ጮቄ ወጡ። መንገዱ እንዳይሰለቻቸው የስልኩን ማዳመጫ አባቷ ጆሮ ውስጥ ከታ የኔአለም የጫነችላትን ዘፈን ከፈተችላቸው።

"እንዴ!" ብለው አያ ቢተው ልጓሙን ሳቡ። "ሰውዬው ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ነው እንዴ የሚዘፍነው?"

"ቀስ ብለው ይናገሩ፣ አባባ፤ እኔ እሰማለሁ።"

"ምን አልሽ?" አሉ በጩኸት። በመንገድ ያገኟቸው ገበሬዎች ቆመው ያዩአቸዋል። አያ ቢተው በበቅሎዋ ላይ ትከሻቸውን እየሰበቁ፣ ሰላምታውን በሙሉ ድምፃቸው እየመለሱ ያልፋሉ። አንዱ ዘፈን ባለቀ ቁጥር "ድገሚልኝ!" ይላሉ። አንድ ጊዜ የበገና መዝሙር አጋጠማቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና እስኪያልቅ ድረስ ቃል አልተነፈሱም።

እላይ ሲደርሱ ጉም ተራራውን ውጦታል። ቋጥኙ ቀርቶ የበቅሎዋ ጆሮ እንኳ በወጉ አይታይም። ከአንድ የአስታ ዛፍ ሥር ተጠልለው ተቀመጡ፤ ጠበቁ። እስከዳር ስልኩን ብታይ ባትሪው ተንጠፍጥፏል።

"አባባ፣ ይብቃ። ዘፈኑ ባትሪውን ጨረሰው።"

"ይቺን ብቻ ላስጨርሳት።"

"ፎቶ ሳንነሣ ሊዘጋ ነው እኮ!"

አያ ቢተው ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነጥቀው፣ እንደ እሳት ፍም፣ እጇ ላይ ጣሉት። "ቀድመሽ አትነግሪኝም! እኔ እኮ የማያልቅ መስሎኝ ነው።"

ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እስከዳር ስልኩን እንዳይቀዘቅዝ ብብቷ ውስጥ ወሸቀችው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረ። ጉሙ እንደ መጋረጃ ከአንድ ጎኑ ተገለጠ፤ ሁለቱ መነኮሳት ብቅ አሉ፣ ያን ወጋቸውን ሳይጨርሱ። የድሮው ጅባራ አብቦ፣ ደርቆ፣ ወድቆ ሌሎች በዙሪያው በቅለዋል።

"ይሩጡ፣ አባባ!"

ያን ቀን ጉልበታቸው ጉልበት አልነበረም፣ ክንፍ እንጂ። ሮጠው ቦታቸው ላይ ቆሙ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ዱላውን ትከሻቸው ላይ አጋደሙ፤ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። እስከዳር ከታተመው ፎቶ ጋር እያስተያየች ወደ ግራ ፈቀቅ፣ ወደ ኋላ መለስ አለች። የፎቶውን ቁልፍ ተጫነችው። ቀጭ አለ፤ ወዲያው ስልኩ ጨለመ። ፎቶው ይቀረጽ አይቀረጽ ግን ለማወቅ አልቻለችም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደብረ ማርቆስ ገባች። የኔአለም ሚሞሪ ካርዱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ስታስገባ እስከዳር ዓይኗን ጨፍና ነበር።

"ቲቸር፣ ግለጪ እንጂ። ንጉሥ መስለዋል!"

የኔአለም ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ያው ቋጥኝ፣ ያው ስንጥቅ፣ ያው ዱላ፣ ያው አገጭ፤ የተለወጠው ጢሙ ብቻ፣ ነጭ ሆኗል። ላኩት። እስከዳር ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ጻፈች፤ "ጮቄ።"

በሳምንቱ ስትመለስ አያ ቢተውም "ቀርቼ አልቀርም" ብለው፣ አዲስ ሻሽ ጠምጥመው አብረዋት መጡ። የኔአለም ወንበር ጠርጋ አስቀመጠቻቸው። ገጹ ተከፈተ። የሄንድሪክ መልስ ከላይ ነበር፤ እስከዳር እየተረጎመች አነበበችላቸው። "ተሳስቻለሁ። ቋጥኙ አንድ ነው፤ ሰውየውም አንድ ናቸው። አቶ ቢተውን ይቅርታ በይልኝ። አሁን ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን የሚበላ ቆሎ ሰጥተውኝ አንድ ጥርሴን ሊሰብረኝ ነበር።"

እስከዳር የቆሎውን ነገር አንድም ቀን ጽፋለት አታውቅም። አንገቷን ወደ አባቷ አዞረች።

"አላልኳችሁም!" አሉ አያ ቢተው፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። "አላልኳችሁም ወይ!"

"ጨርሰው ይዩ፣ አባባ። ከፎቶው ሥር ያለውን ራስዎ ያንብቡ።"

እስከዳር በመጀመሪያው መልእክቷ በአማርኛ ጽፋ የላከችለትን ሄንድሪክ እንዳለ አስፍሮታል። አያ ቢተው ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው፤ ፊደል አያታልላቸውም። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ እያስኬዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚያነቡ ሁሉ በዜማ ጀመሩ። "ቢ...ተው አ...ያሌው። ጮ...ቄ ተራራ። ጎጃም። ኢ...ት...ዮጵያ።"

ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን ትቶ ከኋላቸው ቆሟል። ለካ ከዓለም ዙሪያም ሰው ከሥሩ እየጻፈ ነበር፤ አንዱ ጋቢውን ያደንቃል፣ አንዲቱ ተራራው ወዴት ነው ትላለች፣ ከደጀን የጻፈ አንድ ሹፌር "ይህ ግርማ የጎጃም ነው እንጂ የየትም አይሆንም" ብሏል። ያን ሲሰሙ አያ ቢተው መቀመጥ አልቻሉም። ዱላቸውን ከፍ አድርገው ወለሉ መሐል ገቡ።

"ዘራፍ!

ሰው አገር ሰደዱኝ ሳልነሣ ከቤቴ፣
ድንጋይ መሰከረ ቆሞ ለእውነቴ።"

"ሳልነሣ" የምትለዋን ቃል ሰው ወዲያው ያዛት፤ ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። የኔአለም የማጫወቻዋን ድምፅ እስከ ጥግ ለቀቀችው። አንድ የባንክ ሠራተኛ ከረባቱን ወደ ኋላው ጥሎ ከአያ ቢተው ፊት ለፊት እስክስታ ወረደ። እስከዳር አባቷ እንዲህ ሲጨፍሩ አይታ አታውቅም። አጨበጨበች፤ ከዚያ ማጨብጨቡ አልበቃት አለና እሷም ገባችበት።

ወሬው ሮብ ገበያ የደረሰው ከእነሱ ቀድሞ ነው። በገበያው ቀን እስከዳር ከክፍል ስትወጣ ድንች ነጋዴዋ እማማ ጥሩነሽ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጆንያቸውን አስቀምጠው ጠበቋት።

"እኔንም አንሺኝ" አሏት። "ግን ከድንቼ ጋር ይሁን። የዓለም ሕዝብ የሮብ ገበያን ድንች ይየው።"

"የትኛውን ይይዛሉ?"

ጆንያውን ፈትተው አገላብጠው ፈለጉ። ሁለት እጅ የሚሞላውን መርጠው በነጠላቸው ጫፍ አሹት፤ ከፍ አድርገው ያዙት። እስከዳር ፀሐዩን ከጀርባዋ አድርጋ ስልኩን አነሣች። ከእማማ ጥሩነሽ ኋላ ወረፋ የያዘው ሰው እህል ተራው ድረስ ደርሶ ነበር።