እማማ ድገሙ

“እማማ! እጅዎን ያንሱ!”

ነርሷ ከወዲያኛው ጥግ እየሮጠች መጣች። አያትየው የሲሪንጁን መግፊያ እንደያዙ ክው ብለው ቀሩ። ጥፋታቸው ምን እንደሆነ አልገባቸውም። የልጃቸው ልጅ ያለ ጊዜው ተወልዶ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። በአፍንጫው ገብቶ ሆዱ ድረስ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለው፤ የቱቦው ጫፍ ላይ በተሰካው ሲሪንጅ ውስጥ ደግሞ የእናቱ ወተት አለ። ወተቱ ዝም ብሎ የቆመ መሰላቸው። ታዲያ ገፋ ቢያደርጉት ምን ነውር አለው?

“አልወርድ ሲል ጊዜ ላግዘው ብዬ ነው።”

“እየወረደ ነው እኮ፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ሆዱ ገና ሥራ እየለመደ ነው። ከገፉበት ይነፋበታል፣ ያስመልሰውና ትን ይለዋል። በራሱ ይውረድ። ሲዘገይ ሲሪንጁን ከፍ፣ ሲፈጥን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው።”

“ውይ፣ አፈር ልብላ!” አሉና መግፊያውን እንደ ፍም ጣሉት።

እሳቸው ላይ አይፈረድም። ዕድሜያቸውን የፈጁት በፋብሪካ ክበብ ውስጥ ሲያበስሉ ነው። “ድገሙ” ሳይሉ ሰሃን አንስተው ስለማያውቁ ሠራተኛው ሁሉ “እማማ ድገሙ” ነው የሚላቸው። “ጠገብኩ የሚል ሰው ወይ ታሟል ወይ ዋሽቷል” ይላሉ። አሁን የልጅ ልጃቸው ድርሻ ሁለት የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ሲሆንባቸው፣ “ይኼን ያህልማ እኔ ጨው ስቀምስ የምውጠው ነው!” ብለው ነርሷን አስቀዋታል። ሕፃኑን ደግሞ፣ ፊቱ ጭምድድ ያለ ስለሆነ፣ “ሽማግሌው” ብለውታል። “ሽማግሌው እንዴት አደሩ? ቁርስ አደረጉ?” ይላሉ በየጠዋቱ።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው እጇን ታጥባ ገባች። ፊቷ በርቷል። ሐኪሙ፣ ሕፃኑ ዛሬ ጡት በደንብ ከሳበ እናቶች ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደሚተኙበት ክፍል እንደሚያዛውራቸው ነግሯታል። ከወለደች ጀምሮ የምታድረው ታችኛው ፎቅ፣ ከልጇ ተለይታ ነው።

“እማዬ፣ ባዶ እቅፌን መተኛት መረረኝ” አለች፣ ነርሷ ሕፃኑን አውጥታ ደረቷ ላይ ስታደርግላት።

“ከደከመው አታስገድዱት። የቀረውን በቱቦ እንሰጠዋለን” ብላ ነርሷ ወደ ሌላ ሳጥን ሄደች።

ሽማግሌው ጡቱን ፈለገ፣ ሳተው፣ ያዘው። ሳብ አደረገ። ዋጠ። ተነፈሰ።

“እሰይ! እሰይ የኔ ጀግና!” አሉ አያትየው፤ ደስታው ዕንባቸውን አመጣው። ክበቡን ሙሉ ሰው መግበው እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ደግሞ ሳበ። ከዚያ ጡቱን ለቀቀ። የጨበጠው እጁ ተፈታ፤ ዓይኑ ተከደነ።

እናቱ በሩን አየች። ሐኪሙ ሊመጣ ነው።

“እማዬ፣ ምንም አልጠባም እኮ! ጆሮውን ነካ ነካ ላድርገው? እስቲ አንቺ ‘ድገም’ በይው። አንቺ ብለሽው እምቢ ያለ ሰው የለም።”

ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ያሉት ነው፤ ለማለት ማሰብ እንኳ አያስፈልጋቸውም። ጎንበስ ብለው አዩት። ከንፈሩ ላይ አንዲት ጠብታ ወተት ቀርታለች፤ እሷን እንኳ የሚልስበት አቅም የለውም። ደረቱ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል።

“ተይው” አሉ። “ይበቃዋል።”

“ዛሬ ባያዛውሩንስ?”

“አያዛውሩና! ነገ አይነጋም?”

ነርሷ ተመልሳ ሕፃኑን አየችና፣ “ደግ አደረጋችሁ፤ ነገ ደግሞ ይሞክራል” አለች። የቀረውን ወተት ሲሪንጁ ውስጥ አፍስሳ ለአያትየው ሰጠቻቸው። መግፊያውን ግን ኪሷ ከተተችው።

ልጃቸው ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ ሳለ ሳቋ መጣ።

“እማዬ፣ ‘ይበቃዋል’ አልሽ? አንቺ? የክበቡ ሰው ይኼን ቢሰማ!”

“ዝም በይ፤ ለማንም እንዳትናገሪ” አሉ። ወተቱ ፈጠን ሲልባቸው ክንዳቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉ።