ልብስ የለበሰው ወንበር

ከልብሱና ከወንበሩ አዲሱ የቱ ነው? በአእምሯዊ ንብረት ቢሮ የመዝጋቢዋ ጥያቄ ይኸው ነበር። እናትየዋ የልብሱን ጠርዝ ሳብ አድርጋ አስተካከለች።

ወንበሩን የሠራችው አናጢዋ ልጇ ናት። ጀርባው በእንፋሎት የታጠፈ አንድ ጣውላ ነው፤ ከመቀመጫው በላይ ዞሮ ይወርድና ራሱ እግር ይሆናል። መጋጠሚያውን ዓይን ቢፈልገው አያገኘውም። ታዲያ "ሜትር" የሚሉት ጎረቤታቸው፣ ዓይኑ ያረፈበትን ዕቃ ሁሉ አስመስሎ ሠርቶ የሚሸጠው አናጢ፣ ሰሞኑን በሰበብ አስባቡ ደጃቸውን መርገጥ አብዝቷል። ልጅቷ ሳይቀድማት ቅርጹን በስሟ ለማስመዝገብ ተጣደፈች፤ ወንበሩን ፎቶ የማስነሣቱን ሥራ ለእናቷ ተወችላት። የእናት ሆድ ግን አልችል አለ። ራቁቱን እንጨት ትልቅ ቢሮ መላክ ነውር መስሎ ታያት። ጥልፍ ያለው ልብስ ሰፍታ፣ ከአንገት እስከ እግሩ አልብሳ አስነሣችው። ለናሙና ሲመጣም እንደለበሰ ነው የመጣው፤ ልጅቷ ያየችው ከሥራዋ ቢሮው ስትደርስ ነው።

መዝጋቢዋ ረጋ ብላ አስረዳቻት። ሕጉ የሚጠብቀው በሥዕሉ ላይ የሚታየውን መልክ ነው፤ እንዲህ ከተመዘገበ ሜትር ልብሱን ትቶ ወንበሩን ቢቀዳ ከልካይ የለውም።

"ልጄን በገዛ እጄ ጉድ ሠራኋት" አለች እናትየዋ።

"ደግነቱ ካልሲ አላደረግሽለትም፣ እማዬ" አለች ልጅቷ፤ ሳቋ ግን አፏ ላይ ቀረ።

መዝጋቢዋ ማመልከቻውን ገና እንዳልተቀበለች፣ ቢሮው ሳይዘጋ ሌላ ፎቶ ካመጡ በዛሬው ቀን እንደምትይዝላቸው ነገረቻቸው። "እስቲ ይፍቱት፣ እናቴ" አለቻት።

እናትየዋ ማሰሪያውን ፈታች። ልብሱ ወረደ። የመስኮቱ ብርሃን ጣውላው ላይ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ እስከ ወለሉ ፈሰሰ። በየጠረጴዛው የነበሩት አንድ በአንድ አንገታቸውን አሰገጉ። እናትየዋ ይህን እንጨት ስትሞርደው ነው የከረመችው፤ ልብስ ስትለካለትም ራቁትነቱን እንጂ መልኩን አላየችም ነበር። ከማኅፀኗ የወጣች ልጅ ይህን ከየት አመጣችው? እጇን አፏ ላይ ጭና ዞረችው፣ ደግማ ዞረችው።

መንገዱን ተሻግረው ፎቶ ቤት ገቡ፤ ወንበሩ ከየአቅጣጫው ተነሣ። ተመልሰው ሲመጡ መዝጋቢዋ ከየፎቶው ሥር ከየት በኩል እንደተነሣ ጻፈችበት። እናትየዋ በስተርጅና የለመደችውን ፊደል እየቆጠረች፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ እያለች አነበበች። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

"ከታችም? ማንም የማያየው እንኳ የእሷ ነው?"

"ከታችም የእሷ ነው" አለች መዝጋቢዋ።

የምስክር ወረቀቱ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ የሌላ ከተማ ፋብሪካ ሰዎች መጡ። ወንበሩን በልጅቷ ፈቃድ ለማምረት፣ አጣጠፉንም ራሷ መጥታ እንድታሳያቸው ጠየቁ። ልጅቷ የእናቷን ዓይን አየች። እናትየዋ የልጇ መሄድ እንደማይቀር ታውቃለች፤ ሻንጣውን ራሷ አወረደችላት።

ልጅቷ ሄደች፤ ወንበሩም አብሯት ሄደ። እናትየዋ ቀረች። ሜትርም እንዳማረው ቀረ።