የቨርሊን የኋላ ጎማ

«ጎማው ሳይቀየር ይቺ ሞተር ከዚህ ቤት አትወጣም» አለ ዱዌን፣ ድንቹን እንደጎረሰ። «ነገ የአካባቢው ሞተረኛ በሙሉ ከሬሳው መኪና ኋላ ይሰለፋል። የወንድሜ ሞተር የመኪና ጎማ አጥልቃ ፊት ፊት ስትሄድ ሰው ይስቅብናል።»

«የሚመጡት ለሟች ነው ለጎማ?» አለች ሜቪስ፣ የሟቹ ሚስት የአርሊስ ታናሽ እህት። እሷ የምግቡን ሳህን እያነሳች ከሥሩ የተለጠፈውን ታነባለች። ለቅሶ ቤት ምግብ ያመጣ ሁሉ ሳህኑ እንዳይቀርበት ስሙን ከሥር ይለጥፋል። ሜቪስም በዚያው ማን እንደቸረ፣ ማን የባለፈውን ሳምንት ኬክ እንዳመጣ ትለያለች።

«ለሁለቱም» አለ ዱዌን።

አርሊስ ከወንበሯ ተነሳች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቂጧ ወንበር ላይ አልረጋ ብሏል። ንጹህ ኩባያ ታጥባለች፣ የተጣጠፈ ፎጣ ዘርግታ ደግሞ ታጥፋለች። ፓስተሩ እጇን ይዘው ሲጸልዩላት እንኳ ዓይኗ ምድጃው ላይ የደረቀ ወጥ አይቶ፣ አሜን እስኪሉ ጨነቃት። እየደጋገመች ደግሞ ከኩሽናው ወደ ጋራዥ የሚያስገባው በር ጋ ትሄድና እጀታውን ነካ አድርጋ ትመለሳለች።

ባሏ ቨርሊን ሞቶ የተገኘው እዚያ ነዋ። የተደፋው ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ግራሶ የነካ ጨርቁን እንደያዘ። ሾርባው ቀዘቀዘ ብላ ልትቆጣው ገብታ ነው ያየችው። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ፣ በቃ ቀጥ አለ። የዊስኮንሲን ገጠር ሰው ግን ሞተረኛ ተቀምጦ ይሞታል ብሎ አያምንም። ወሬው ከነዳጅ ማደያው ሲነሳ ተገለበጠ ነበር፣ ፖስታ ቤት ሲደርስ ጎማው ፈነዳ ሆነ። ወንድሙ ዱዌን እንኳ፣ ሬሳውን በገዛ እጁ ያነሳው ሰውዬ፣ ያንን ጎማ ሲያይ በዋስ የተለቀቀ ነፍሰ ገዳይ ያየ ይመስላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ይሄ ጎማ ይገድልሃል» ሲለው ኖሮ፣ አሁን ሳይገድለው መቅረቱ አናዶታል።

«አየሽ አርሊስ» አለ፣ ሹካውን እያወዛወዘ። «የሞተር ጎማ እንደ እንቁላል ድቡልቡል ነው። ስትታጠፊ አብሮሽ ያጋድላል። የመኪና ጎማ ግን እንደ ጡብ ጠፍጣፋ ነው፣ ማጋደል አይወድም...»

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። አርሊስ ስለ ጎማ ያልሰማችው ምን አለ? ቨርሊን በዕድሜው ጎማ ቤት ሄዶ አያውቅም። ሁሉን የሚሠራው ራሱ ነው፤ የሚሠራውም በእሷ ዕቃ ነው። የጎማውን ከንፈር ቸርኬው ላይ ለማንሸራተት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናዋን ይደፋዋል። ቸርኬው ሚዛኑን መጠበቁን የሚያየው ብረት አስገብቶበት፣ በሁለት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮቿ መሀል አንጠልጥሎ ነው። አንድ ፋሲካ እንግዳ ጠርታ፣ የሜቪስ ባል በነጭ ሱሪው ግራሶ ላይ ተቀምጦ ተነሳ። ሜቪስ ያንን ሱሪ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

«የወደድከውን አድርግ» አለችው አርሊስ ዱዌንን። «ብቻ ድንቹን ዋጥ።»

ዱዌን ደስ ብሎት ሌስተርን ሊፈልግ ወጣ። ሌስተር የቨርሊን የልብ ጓደኛ ነው፤ በቀን ሦስት ቃል ከተናገረ አወራ የሚባል ሰው። ሁለቱም በጓሮ ዞረው ጋራዡ ገቡ። አርሊስ የወደድከውን አድርግ አለች እንጂ ሆዷ እሺ አላላትም። ለምን እንደሆነ እሷም አላወቀችም። ጎማ ነው። ከነገው ቀብር በፊት አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ አለቀ።

ሳሎን ገባች። ከመስኮቱ ሥር የተቀመጡ ሁለት ሴትዮዎች፣ ካሮት የገባበት ጄሏቸውን፣ ያንን የሚወዛወዝ ጣፋጭ፣ ጭን ላይ አድርገው ይንሾካሾካሉ።

«የሞተር ጎማ ቶሎ ያልቃል ብሎ እኮ ነው የመኪናውን ያጠለቀው።»

«የሻይ ከረጢቷን አንዴ ነክሮ ለነገ የሚያሰጣ ሰው።»

«ነፍሱን ይማር እንጂ፣ ስስት ነው የበላው።»

አርሊስ ኩባያ የምትሰበስብ መስላ አለፈች። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ የእሷ ሟች ግን ገና ሳይቀበር አንገቱ ያጥር ጀመር። ምን ብላ ትቆጣቸው? ስስታም የሚለውን ስም ያወጣችለት ራሷ ናት። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ የዓሣ ጥብስ ግብዣ ቀን፣ «የእኔ ባል ለመኪናም ለሞተርም አንድ ጎማ ነው የሚገዛው» ብላ ሴቱን በሙሉ አስቃ ነበር። ቨርሊንም አብሮ ሳቀ።

ድሮ ከኋላው የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ከሠርጋቸው ጀምሮ። ቨርሊን ሞተሩን አስነስቶ ቀጥ ይላል፤ አርሊስ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እግሯን መርገጫው ላይ አደላድላ ስትጨርስ ጀርባውን ሁለቴ መታ መታ ታደርገዋለች። ያኔ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴ ተኮራርፈው ከሆነ ሆን ብላ ሳትመታው ትቆያለች። ዞሮ አያይም፣ ምን ሆንሽ አይልም። ሞተሩ እየጮኸ፣ ጎረቤት በመስኮት እያየ፣ እሷ ደስ እስኪላት ይጠብቃል።

ከዚያ የወንዙ ዳር መታጠፊያ መጣ። ከገበያ እየተመለሱ፣ ኋላቸው ድንገት እንደ ጄሎ ተወዛወዘ። የኋላ ጎማው ተንፍሶ ተኝቷል። ቨርሊን እንደምንም ሞተሯን ያዛት፤ አርሊስን ግን በበቆሎው ማሳ ጠርዝ ካለው ቦይ ውስጥ ጣለቻት። ዳሌዋን በብረት ነው የሠሩት። አልጋ ላይ ሆና ማለች፤ ከእንግዲህ ከኋላህ ብወጣ ብረቱ ይቆራረጠኝ አለች። ቨርሊን ኮፍያውን በእጁ እያዞረ «እሺ» አለ። በዚያው ክረምት ነው የመኪና ጎማውን ያጠለቀው። ለምን ስትለው «ይበረክታል» አለ። እሷም በቃ፣ ስስቱ ተነሳበት አለች።

ጋራዡ ውስጥ ብረት ተንኳኳ። ደግሞ ተንኳኳ። ፓስተሩ የቀብሩን መዝሙር እያማረጧት ነበር። «ሁሉም ጥሩ ነው» ብላቸው ተነሳች፣ በሩ ጋ ደረሰች፣ እጀታውን ነካች። በዚህኛው ግን አልተመለሰችም፣ በሩን ከፈተችው።

ሞተሯ በማንሻው ክሪክ ላይ ቆማለች። የኋላ ጎማዋ ከነቸርኬው ወልቆ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ዱዌን በሁለት እግሩ ቆሞበት፣ በፊቱ ላብ እየወረደ ይዘላል። ሌስተር ተንበርክኮ የጎማ መፈልቀቂያውን ብረት ይዟል። የተደፋው ባልዲ እዚያው ግድግዳው ሥር ነው፤ ሁለቱም አልተቀመጡበትም።

«ምን ዓይነት የተረገመ ጎማ ነው» አለ ዱዌን። «አየሩን በሙሉ አስወጥቼ እንኳ አልተኛም። ከቸርኬው ንቅንቅ አይልም።»

«አይተኛም» አለ ሌስተር። «ጎኑ ወፍራም ነው።»

ዱዌን ወረደና ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጎን አነበበ። «ይሄማ ሚስማር ወግቶት እንኳ ቤትህ የሚያደርስህ ዓይነት ነው። ለልጄ መኪና ስጠይቅ ዋጋውን ሰምቼ ነው በመጣሁበት የተመለስኩት። ከሞተር ጎማም ይብሳል።»

«ውድ ነው?» አለች አርሊስ።

ሁለቱም ዞሩ። በር ላይ መቆሟን አላዩም ነበር።

«ውድ ነው ወይ አልኩህ።»

«በጣም» አለ ዱዌን።

«ታዲያ ስስታሙ ባሌ ምን ነክቶት ገዛው?»

ዱዌን ሌስተርን አየ። ሌስተር ወለሉን አየ።

«ሌስተር። አንተን ነው የምጠይቅህ።»

«አትናገር ብሎኛል።»

«ሞቷል እኮ።»

«ለዚያ ነው የከበደኝ» አለ ሌስተር። ብረቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ ነው። የተነፈሰውን ጎማ እዚህ አምጥቶ በቢላ ቀዶ ሲያየው ዋለ። የጣሪያ ሚስማር ነበር። ‹ሲተነፍስ ባይተኛ ኖሮ አትወድቅም ነበር› አለኝ። ከዚያ የማይተኛ ጎማ ፍለጋ ገባ። ለሞተር የሚሆን አጣ። ለመኪና የሚሠራ ተገኘ። እሱን በእጁ ለማጥለቅ ሲታገል ጣቶቹ ደሙ፤ አይተሽዋል፣ በፋሻ ጠቅልሎ ነበር።»

«አጥር ስሠራ ነው ብሎኛል።»

«አጥር አልሠራም። ይሄኛው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ሲያልቅም ያንኑ ገዛ።»

አርሊስ ከሞተሯ ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ ተመለሰች። መደርደሪያው ላይ የጠፋባትን የሳሙና ጠርሙስ አየች፣ አነሳችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። «አፍ የለውም? ለምን አልነገረኝም?»

«‹ከነገርኳት ልመና ይሆናል› አለ። ‹ምላለች፣ መሐላዋን የምታፈርሰው ራሷ ናት። የመጣች ቀን ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቃት።› ስስታም ሲባልማ ይስቅ ነበር። ከጥያቄ አዳነችኝ ይላል።»

ዱዌን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«መልሱት» አለች አርሊስ።

«አርሊስ፣ ሰው እኮ...»

«ይሳቅ። አንተ ከፈራህ ሌስተር ይነዳል።»

«ነድቻት አውቃለሁ» አለ ሌስተር። «መታጠፊያ ላይ ቀና ልበል ቀና ልበል ትላለች፣ እንደ ግትር በሬ። ይለመዳል።»

«ባለቤቷም እንዲያው ነበር» አለች አርሊስ። ጎማውን አየር ሞልተው ቸርኬውን ወደ ቦታው ሲያስገቡ በአንድ በኩል ደግፋ ያዘችላቸው። ዱዌን ዳዶውን ሲያጠብቅ «ደግመህ አጥብቅ» አለችው፣ ደግሞ አጠበቀ።

በማግስቱ መንገዱ ሞተር በሞተር ሆነ። ከየመንደሩ መጥተው በጥንድ በጥንድ ተሰልፈዋል፤ ጥቁር ጨርቅ መሪያቸው ላይ አስረዋል። የሬሳው መኪና ከፊት፣ የቨርሊን ሞተር ከሱ ቀጥሎ። ጥቂቶች ወደ ኋላ ጎማው አንገታቸውን አሰገጉ፤ የዱዌንን ዓይን ሲያዩ መለሱት። አርሊስ ከቤት ወጣች። ከጥቁር ቀሚሷ ሥር የቨርሊንን ሱሪ ታጥቃለች፣ ጫፉን ሁለቴ አጥፋዋለች።

«ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው የምንሄደው» አለች ሜቪስ ተከትላት እየሮጠች። «አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ። ዳሌሽ ብረት ነው።»

«ብረት ከሆነ ምን ይሆናል?»

ሌስተር ለሠርግም ለለቅሶም የሚለብሰውን አመድማ ኮቱን ለብሶ ሞተሯ ላይ ተቀምጧል። አርሊስ ከኋላ ወንበሩ ሥር የታጠፈውን የእግር መርገጫ አየችው። ከዚያ ቦይ ወዲህ እግር ያላረፈበት። ዝጎ ተጣብቋል ብላ፣ በተረከዟ ልትመታው ተዘጋጅታ፣ መጀመሪያ በጣቷ ሳብ አደረገችው። ሳይጮህ፣ ሳይንገራገጭ፣ እንደ ቅቤ ወረደ። ማጠፊያው ውስጥ ያለው ግራሶ ትኩስ ነው። ሁለት ጣቶቿ ጥቁር ሆነው ወጡ።

ሜቪስ ናፕኪን ዘረጋችላት። አልተቀበለችም።

ዱዌን ብብቷን ይዞ ደገፋት። ወጣች። አንዱን እግሯን አደላደለች፣ ሌላውንም። ሌስተር ሞተሩን አስነሳ። የሬሳው መኪና ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፣ መሀላቸው ሰፋ፤ ሌስተር ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከኋላ ያሉት ሞተሮች ያጉረመርማሉ።

«ሂድ እንጂ» አለው ዱዌን። «ምን ትጠብቃለህ?»

ሌስተር አልዞረም። «እሷን።»

አርሊስ ፊት ለፊቷ ያለውን ጀርባ አየችው። ጠባብ ነው፣ የሌላ ሰው ነው። እጇን አነሳች፣ አየር ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ በግራሶ ጣቶቿ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።