ውሃ የጠጣ ድንጋይ

ምላሴ እሳት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አልክድም። እጄ ግን ንጹሕ ነው። ይህን ለማን ብዬ ላስረዳ? በዚያ ክረምት «ድንጋይ ለዋጯ» የሚል ስም ወጥቶልኝ፣ ውሃ ልቀዳ ስወጣ እንኳ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አወርድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሜ መቅደላ ነው፤ ወልድያ ቤቴ ቁጭ ብዬ ከደላንታ የሚመጣ ኦፓል የሚሉትን የከበረ ድንጋይ እየሞረድኩ አሳምራለሁ። ጋሽ ሀብቴ የጉባ ላፍቶ ገበሬ ናቸው፤ ሟች ባለቤታቸው ክርስትና እናቴ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ዘውዱ ደላንታ ጉድጓድ ወርዶ የባቄላ ፍሬ የምታህል ድንጋይ አገኘ። ለአባቱ ሰጥቶ ዘመተ፤ ብዙም ሳይቆይ ከቆቦ በኩል መርዶው መጣ። ሽማግሌው ድንጋዩን በመሐረብ ቋጥረው አመጡልኝና፣ አሳምሪልኝ፣ ሸጬ ሚስቱንና ልጁን ላኑርበት አሉ። ቅርፊቱን በደረቁ ትንሽ ፋቅ ሳደርግላቸው ከውስጥ ቀይና አረንጓዴ ቦግ ሲል አዩ። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

የዚህ ድንጋይ ጠባይ ክፉ ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ሲሞረድ ካልረጠበ ግሎ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ደግሞ ቀለሙ ድራሹ ይጠፋና ጠርሙስ ይመስላል። ጥላ ውስጥ ቀን ሰንብቶ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ስለዚህ እኛ ሞራጆች እርጥቡን ለባለቤት አናሳይም፤ አድርቀን ነው የምናስረክበው። ለጋሽ ሀብቴ አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ግን ጦርነት ይቀድመኛል ብሎ ማን ያስባል?

መብራት ጠፍቶ ሞተሬ ስለቆመ በእጄ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ሰነበትኩ። ልጨርስ ስል ከተማው ተናወጠ። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ቀረበ፤ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደሴ መንገድ ጎረፈ። ጋሽ ሀብቴ እያለከለኩ መጡ። ምራታቸውና የልጅ ልጃቸው አይሱዙ ላይ ተጭነዋል፣ ሹፌሩ ጡሩምባ ይነፋል። ድንጋዩን ከሳህኑ ውሃ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አገላበጡት፣ ወደ ፀሐይ አነሡት። አንድም ቀለም የለው።

ውሃ ጠጥቶ ነው፣ ሲደርቅ ይመለሳል፣ ጥቂት ቀን ይጠብቁ አልኳቸው። እንዴት አድርገው ይጠብቁ?

«የሙት ልጄን ድንጋይ ለውጠሽ የጠርሙስ ስባሪ ትሰጪኛለሽ?» አሉኝ።

ጎረቤት ሁሉ ዕቃውን እንደተሸከመ ቆሞ ያያል። እኔም ሌባ ስባል ደሜ ፈላ፤ ካላመኑኝ ወስደው ገደል ይክተቱት አልኳቸው። እሳቸውም ከደጃፌ ደረጃ ላይ ፈጠፈጡት። ሦስት ቦታ ሆነ። ወደ መኪናው ዞረው ሄዱ።

ስባሪውን ለቅሜ መስኮት ላይ አኖርኩት። ከተማው ተይዞ፣ ደጅ መውጣት አስፈርቶ ቤት ተዘግቼ ሳለሁ ደረቀ፤ ሦስቱም ፍም መሰሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የገዛ ልጃቸውን አደራ በገዛ እጃቸው መስበራቸውን ሳስብ ግን እኔ አፈርኩላቸው። የራሴ ሀፍረት አንሶኝ።

ታኅሣሥ ላይ ከተማው ተለቆ ሰው ሲመለስ፣ ጋሽ ሀብቴ ወደ ቤትሽ እየመጡ ነው አሉኝ። መኪናው መርሳ ላይ ቀርቶባቸው ክፉውን ጊዜ ሀብሩ ገጠር ዘመድ ቤት ነው ያሳለፉት። ቤተ ክርስቲያን ወስደው ሊያስምሉኝ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ይምጡ፤ ስባሪውን ዘርግቼ በሰፈሩ ፊት አፋቸውን ላስይዛቸው ስዘጋጅ ከርሜያለሁ። በመስኮት ሳያቸው ግን ከስተው፣ የሰው ጫማ አድርገው፣ ዳገቱን በምርኩዝ ይወጣሉ። ልጃቸውን አንዴ ቀብረዋል፣ የሰበሩት የእሱን ድንጋይ መሆኑን አሳይቼ ሁለተኛ አላስቀብራቸውም አልኩ። ስባሪውን አፍሼ ውሃ ጣሳ ውስጥ ጨመርኩት። ሌባ ይበሉኝ፣ ለምጄዋለሁ። ጎረቤቱ በየደጁ እያቆመ እንኳን ተረፉ ብሎ እስኪለቃቸው ቀለሙ ጠፋ።

ብቻቸውን ገቡ። ሽማግሌ የለ፣ ምስክር የለ። ይቀመጡ ብላቸው አልቀመጥ አሉ፤ ዓይኔን ማየት አቅቷቸው መሬት መሬት ያያሉ። ሀብሩ ላይ እንድሪስ የሚባል የድንጋይ ነጋዴ አብሯቸው ተጠልሎ ኖሯል። የደረሰብኝን ስማ ብለው ቢያጫውቱት፣ አይ አባቴ፣ ውሃ ጠጥቶ ነው እኮ ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም አሉኝ።

«ስባሪውን ጣልሽው?»

ጣልኩት ልል ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ጣሳውን አቀረብኩላቸው። እጃቸውን ነክረው አወጡት፤ ያው ያን ዕለት ያዩት ጠርሙስ። ቀለሙን እንዳያዩት ብዬ አሁን የነከርኩት እኔ ነኝ፣ ባያዩት ይሻላል፣ ይቅርብዎ ብዬ ለመንኳቸው።

ሦስቱንም በጋቢያቸው ጫፍ አንድ በአንድ ጠርገው መስኮቱ ላይ ደረደሯቸው። ከዚያ መቀመጫ ዱካዬን ስበው ከስባሪዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ያኔ አልጠበቅኩም» አሉ። «አሁን እጠብቃለሁ።»